ሂትለር ለህንድ ነፃነት ምን ያስብ ነበር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሂትለር እኮ ለተገዛ ሕዝብ ያስብ ነበር፤ ህንድን ነፃ ሊያወጣ ፈልጎ ነው እንግሊዞች ስሙን ያጠፉት።» ይህን ወሬ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደግሞ በፎቶ አስደግፈው ያቀርቡታል። ፎቶው ላይ ሂትለር ከአንድ ህንዳዊ ጋር ይጨባበጣል። ፎቶው እውነተኛ ነው። ከሥሩ የሚጻፈው ግን እውነት አይደለም። ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን እነሆ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እናገራለሁ።

እውነት ሂትለር የህንድን ነፃነት ይደግፍ ነበር?

አይ፣ አልደገፈም። በመጽሐፉ የጻፈው፣ በአደባባይ የተናገረው፣ ከእንግሊዝ ባለሥልጣን ጋር ሲጫወት ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ህንዶች ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም፣ የነጭ ገዥ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ያምን ነበር። ከ1941 ወዲህ መንግሥቱ ለህንድ አርበኞች ቤት፣ ገንዘብና ሬዲዮ ሰጥቷል። ይህ እንግሊዝን ለማወክ የተሠራ የጦርነት ሥራ ነው። ስለ ህንድ የነበረው እምነት በዚህ ምክንያት አልተለወጠም።

በመጽሐፉ ምን ብሎ ጻፈ?

«ማይን ካምፕፍ» በ1925 እና በ1926 በሁለት ቅጽ ወጣ። በሁለተኛው ቅጽ ውስጥ ስለ ህንድ የሚያወራበት ቦታ አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዳንድ ጀርመናውያን «እንግሊዝ በህንድ ልትወድቅ ነው» ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር። ሂትለር ይህን የልጅ ሐሳብ ይለዋል። በአውሮፓ ከተሞች እየዞሩ ለአገራቸው ነፃነት ድጋፍ የሚለምኑትን የእስያ ሰዎች በንቀት ቃል ያነሳቸዋል። የህንድ ዓመፀኞች እንግሊዝን መቼም አያሸንፉም ይላል። ቀጥሎም እንደ ጀርመናዊ ህንድ በሌላ አገር ሥር ከምትሆን በእንግሊዝ ሥር ብትሆን እንደሚመርጥ ይጽፋል።

ከዚህም አልፎ ይሄዳል። የሕዝቡን ዕጣ «በዘራቸው ዝቅ ካሉ» የተጨቆኑ አገሮች ጋር እንደማያስተሳስር በግልጽ ያስቀምጣል። ቅኝ የተገዙት ሕዝቦች ቢተባበሩ የአካል ጉዳተኞች ኅብረት ነው የሚሆነው ብሎም ይሰድባቸዋል። እዚህ ላይ ህንዱም፣ ግብፁም፣ እኛም አንድ ላይ ነን።

ይህን የጻፈው ሥልጣን ከመያዙ ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ማንም አላስገደደውም፤ ሊያስደስተው የፈለገው የውጭ ኃይልም አልነበረም።

ሥልጣን ከያዘ በኋላ አልተለወጠም?

በ1936 መጀመሪያ ሙኒክ ላይ ንግግር አድርጎ ነበር። ነጭ ዘር ዓለምን የመግዛት መብት አለው አለ፤ እንግሊዝ በህንድ የሠራችውንም በምሳሌነት አነሳ። ያኔ አውሮፓ የነበረው የህንድ አርበኛ ሱባስ ቻንድራ ቦስ ተቆጥቶ ለጀርመኖች የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ይህን ስም ያዙልኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው እሱ ነው።

«ጋንዲን ግደሉት» ብሏል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ኖቬምበር 19 ቀን 1937 የእንግሊዙ ሎርድ ሃሊፋክስ ሂትለርን ሊያነጋግር በርክተስጋደን ወደሚባለው ተራራማ ቦታ ሄደ። ሃሊፋክስ ስለ ህንድ ከማንም በላይ ያውቃል። ከ1926 እስከ 1931 የህንድ የእንግሊዝ እንደራሴ ሆኖ ገዝቷል። በ1931 ከጋንዲ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ተደራድሮ ስምምነት የፈረመውም እሱ ነው።

በጨዋታው መካከል የህንድ ነገር ተነሳ። ሂትለር መፍትሔው ቀላል ነው አለ። ጋንዲን ተኩሳችሁ ግደሉት። ካልበቃ ለነፃነት ከሚታገለው ከኮንግረስ ፓርቲ መሪዎች አሥራ ሁለቱን ያህል ግደሉ። ያም ካልበቃ ሁለት መቶ ግደሉ፤ ሕዝቡ ያኔ ጸጥ ይላል። ይህን መዝግቦ ያስቀረልን አብሮ የነበረው የእንግሊዝ ዲፕሎማት አይቮን ኪርክፓትሪክ ነው። ሃሊፋክስ ሂትለርን ያየው በመደነቅ፣ በመጸየፍና በማዘን እንደነበር ጽፏል።

ሂትለር በዚያው ጨዋታ ላይ ስለሚወደው አንድ የሆሊውድ ፊልም አውርቷል። ፊልሙ በህንድ ስለነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ነው። የወደደው ጥቂት እንግሊዞች አንድን ሰፊ አገር ረግጠው ሲይዙ ስለሚያሳይ ነው። የበላይ ዘር እንዲህ ነው መሆን ያለበት አለ። ኤስኤስ የሚባለው የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል አባላትም ፊልሙን እንዲያዩ ይገደዱ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሂትለር የመከረው ምክር በህንድ አስቀድሞ ተሞክሮ ነበር። ኤፕሪል 13 ቀን 1919 በአምሪትሳር ከተማ ጄኔራል ዳየር ዙሪያውን በታጠረ ሜዳ ላይ በተሰበሰበ ባዶ እጁን በነበረ ሕዝብ ላይ አስተኮሰ። እንግሊዞች ራሳቸው ያመኑት የሟች ቁጥር 379 ነው፤ ህንዶች ከዚያ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። ሕዝቡ ጸጥ አለ ወይ? ጭራሽ ባሰበት። ከእንግሊዝ ጋር ተስማምቶ መኖር ይቻላል ይሉ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ፊታቸውን ያዞሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እኛም ይህን እናውቃለን። ሂትለር ይህን ምክር የሰጠበት ቀን የካቲት 12 ቀን 1929 (በእኛ አቆጣጠር) የአዲስ አበባ ሕዝብ ከተጨፈጨፈ ልክ ዘጠኝ ወር የሞላው ቀን ነበር። ግራዚያኒ ያንን ሁሉ ሰው አስገድሎ አገሩ ጸጥ አላለለትም። ጫካ የገባው አርበኛ በዛ። ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው ያመኛል።

«አርያን» የሚለው ቃልና ስዋስቲካው ከህንድ የመጡ አይደሉም እንዴ? ታዲያ እንዴት ይንቃቸዋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ውስጥ አለ። የአውሮፓ የቋንቋ ሊቃውንት ወስደው ለቋንቋ ቤተሰብ መጠሪያ አደረጉት። የዘር ሰባኪዎች ደግሞ የሰው ዘር መጠሪያ አደረጉት። ናዚዎች እንደሚሉት ጥንት ወደ ህንድ የገቡ «አርያኖች» ነበሩ፤ ግን ከአገሬው ሰው ጋር ተጋብተው ደማቸው ተበላሸ። የናዚው ጸሐፊ አልፍሬድ ሮዘንበርግ ይህን በሰፊው ጽፎታል። እንግዲህ ህንድ ለእነሱ ዘር ሲደባለቅ ምን እንደሚመጣ ማስፈራሪያ ናት። ለዛሬዎቹ ህንዶች ያተረፈው ክብር የለም።

ምልክቱን በተመለከተ፣ ለሂንዱዎች፣ ለቡድሃ እምነት ተከታዮችና ለጄይኖች ስዋስቲካ የበረከት ምልክት ነው። ከናዚ በፊት በብዙ አገር ነበር። ላሊበላ የሄደ ሰው ቤተ ማርያም መስኮት ላይ ያየዋል። ቤተክርስቲያኑ ሲፈለፈል ናዚ የሚባል ነገር ሊመጣ መቶ ሳይሆን ብዙ መቶ ዓመት ይቀረው ነበር።

ሱባስ ቻንድራ ቦስ ማን ነው? ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን በርሊን ሄደ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በቀላሉ «ከሃዲ» ወይም «ጀግና» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ቦስ በ1897 ተወለደ። ተማሪ ቤት ጎበዝ ነበር። እንግሊዝ አገር ሄዶ ለህንድ የመንግሥት አስተዳደር የሚያበቃውን ፈተና አለፈ። ያ ፈተና ያኔ ለአንድ ህንዳዊ የዕድሜ ልክ እንጀራና ክብር ማለት ነው። በ1921 ሥራውን ትቶ ወደ ትግል ገባ። ብዙ ጊዜ ታሰረ። በ1938 እና በ1939 የኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ከጋንዲ ጋር ግን በመንገዱ አልተስማሙም። ቦስ ያለ መሣሪያ እንግሊዝ አይወጣም ባይ ነበር። ሥልጣኑን ለቀቀ።

ጦርነቱ ሲጀመር እንግሊዝ ህንዶችን ሳታማክር ህንድን ጦርነት ውስጥ አስገባች። ቦስ ተቃወመ፤ በ1940 አሰሩት። እስር ቤት ውስጥ ምግብ አልበላም ብሎ ሲዳከም፣ ሞቶ ጣጣ እንዳያመጣ ፈርተው ቤቱ ሆኖ እንዲጠበቅ አደረጉ። በጃንዋሪ 1941 አንድ ሌሊት የሙስሊም የኢንሹራንስ ወኪል መስሎ ከካልካታ ቤቱ ወጣ። መኪናውን የነዳው የወንድሙ ልጅ ነው። በፔሻዋር በኩል ወደ ካቡል ሲሻገር ቋንቋ እንዳያጋልጠው መስማትና መናገር የማይችል ሰው መስሎ ሄደ። ካቡል ላይ ጣሊያኖች ኦርላንዶ ማዞታ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጡት። በሞስኮ አድርጎ ኤፕሪል 2 ቀን 1941 በርሊን ገባ።

ለምን? ሒሳቡ «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው» የሚለው ነው። እንግሊዝን የሚመታ ኃይል ያኔ ጀርመን ብቻ መስሎ ታየው። ሂትለር ስለ ህንዶች የጻፈውን ያውቃል፤ ከአምስት ዓመት በፊት ራሱ ተቃውሞታል። ግን አገሩ ስትረገጥ ኖሮ ነው ያደገው። ለእሱ ዋናው ጨቋኝ በርሊን ያለው ሳይሆን ዴልሂ ላይ የተቀመጠው ነበር። ይህን ስሜት እረዳለሁ። ውሳኔውን ግን አልቀበልም። በርሊን ሆኖ በከረመባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ናዚዎች አይሁዶችን በሚሊዮን ይገድሉ ነበር። እሱ የነፃነት ሬዲዮ የሚያስተላልፈው ከዚያው ከተማ ነው።

በርሊን ውስጥ ምን ሰጡት?

ቤት፣ መኪና፣ ቢሮና ገንዘብ። በኖቬምበር 1941 «የነፃ ህንድ ማዕከል» ተከፈተ። ሬዲዮም ነበረው፤ «አዛድ ሂንድ» ይባላል፣ ነፃ ህንድ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ስትወድቅ በገዛ ድምፁ ለአገሩ ሰው ተናገረ። ጠፍቶ የነበረው ሰው በሕይወት እንዳለ ህንድ ውስጥ ብዙዎች ያወቁት ያኔ ነው።

እሱ የፈለገው ዋና ነገር ግን አንዲት ወረቀት ናት። ጀርመን፣ ጣሊያንና ጃፓን «ህንድ ነፃ አገር ናት» ብለው ይፋ መግለጫ እንዲሰጡ ፈለገ። ለዚህም ከአንድ ዓመት በላይ ደጅ ጠና። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከሪበንትሮፕ ጋር ተነጋገረ። ዛሬ ነገ ሲሉት ከረሙ።

ከኦስትሪያዊት ሴት ጋር በድብቅ ተጋብቶም ነበር። በኖቬምበር 1942 ሴት ልጅ ወለደችለት። ነጭና ነጭ ያልሆነ መጋባትን እንደ ነውር የሚያይ መንግሥት ውስጥ ነው ይህ የሆነው።

ከሂትለር ጋር ሲገናኙ ምን ተባባሉ?

የተገናኙት በሜይ 1942 መጨረሻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በርሊን በገባ በዓመት ከሁለት ወሩ ገደማ መሆኑን አስተውሉ። ያን ያህል ጊዜ አስጠብቆታል።

ሂትለር እንደ ልማዱ ረጅም ንግግር አደረገ። ካርታ እያሳየ የጀርመን ጦር ካለበት እስከ ህንድ ድረስ ያለውን ርቀት አስረዳ። አሁን መግለጫ ማውጣት ጊዜው አይደለም አለ። የሚሻለው ወደ ጃፓን ብትሄድ ነው ብሎ መከረው። በአውሮፕላን መሄድ አደጋ አለው፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ እሰጥሃለሁ አለው።

ቦስ አንድ የድፍረት ነገር አደረገ። በመጽሐፍህ ስለ ህንዶች የጻፍከው በአገሬ ሰው ዘንድ ክፉ ስሜት ፈጥሯል፣ ማስተካከያ ብታደርግ ብሎ ጠየቀው። ሂትለር ጉዳዩን አድበስብሶ አለፈው። ፎቶው የተነሳው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። ከፎቶው ሥር የማይጻፈው ታሪክ ይህ ነው፦ አንዱ ለምኖ ነበር፣ ሌላው አልሰጠም።

አንዲት መግለጫ ማውጣት ምን ያስከፍለው ነበር? ለምን እምቢ አለ?

አንዱ ምክንያት እንግሊዝ ናት። ሂትለር እንግሊዝ አንድ ቀን ተሸንፋ ወይም ተስማምታ ጎኑ እንድትቆም ተስፋ ያደርግ ነበር። አንተ ግዛትህን ያዝ፣ እኔ ምሥራቅ አውሮፓን ልያዝ ዓይነት ስምምነት ያልም ነበር። ህንድን ነፃ ናት ብሎ ካወጀ ይህ በር ይዘጋል።

ሁለተኛው ግን ከዚህ ይጠልቃል፤ እኔ ዋናው ብዬ የማስበውም ይህን ነው። ሂትለር የእንግሊዝን የህንድ አገዛዝ ያደንቅ ነበር። ሊያፈርሰው ሳይሆን ሊቀዳው ነበር የፈለገው። በ1941 በአውሮፓ በጋ ጦሩ ሩሲያ ውስጥ ሲገሰግስ ማታ ማታ ከአጃቢዎቹ ጋር የሚያወራው ይጻፍ ነበር። ከእንግሊዞች እንማር ይላል። እሱ በሰጠው ቁጥር 50,000 ወታደር ባለበት 250,000 ሰው ብቻ 400 ሚሊዮን ህንዶችን ይገዛሉ። ህንድ ለእንግሊዝ የሆነችውን የሩሲያ ምድር ለእኛ ይሆናል ይላል። የዚያ አገር ሕዝብ የመንገድ ምልክት ለይቶ ከማወቅ ያለፈ ትምህርት አያስፈልገውም ብሏል።

እስቲ ቦስን አስቡት። የነፃነት መግለጫ የሚለምነው አገሩን እንደ ናሙና ይዞ ሌላ ሕዝብ ባሪያ ሊያደርግ የተነሳን ሰው ነው። ዩክሬንን «የእኔ ህንድ» ለማድረግ የሚታገል ሰው እውነተኛዋን ህንድ እንዴት ነፃ ያወጣል?

ሙሶሊኒስ?

ሙሶሊኒ በቃሉ ትንሽ ይሻል ነበር። በሜይ 1942 መጀመሪያ ቦስ ሮም ሄዶ አነጋገረው። መግለጫው ይውጣ በሚለው አሳመነው፤ ወደ በርሊንም ጥያቄው ተላከ። ሂትለር አልተቀበለም።

ግን እዚህ ላይ እንደ ኢትዮጵያዊ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ ሙሶሊኒ እኛ ላይ የመርዝ ጋዝ የረጨ ሰው ነው። ስለ ህንድ ነፃነት ጆሮውን ሲያውስ አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከተመለሱ ገና ዓመት መሙላቱ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካን ካጣ በኋላ የሰው ቅኝ ግዛት ነፃ ይውጣ ማለት ምንም አያስከፍለውም።

ለሂትለር የተዋጉ ህንዶች ነበሩ ይባላል። እነማን ናቸው?

አዎ፣ ነበሩ። ሰሜን አፍሪካ ላይ በጀርመኑ ጄኔራል በሮመል ጦር ከተማረኩ የህንድ ወታደሮች ውስጥ ወደ 3,000 የሚሆኑት ፈቅደው ገቡ። «ነፃ ህንድ ሌጅዮን» ይባላል። ልብሳቸው ላይ የሚዘል ነብር ነበረበት። ሲኮቹ ጥምጣማቸውን አላወለቁም። እንግሊዝ ሂንዱውን፣ ሙስሊሙን፣ ሲኩን ለይታ ነበር የምታሰልፈው፤ ቦስ ቀላቅሎ አሰለፋቸው። ይህን አሠራሩን እወድለታለሁ። «ኔታጂ»፣ መሪያችን ማለት ነው፣ የሚለውን ስም ያወጡለትም ጀርመን ሳለ ነው።

ህንድ ግን አልደረሱም። በ1943 ወደ ሆላንድ ተላኩ፤ ከዚያ ፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ሆኑ። በኦገስት 1944 ወደ ኤስኤስ ተዛወሩ። መሪያቸው ቦስ በፌብሩዋሪ 1943 ከኪል ወደብ በሰርጓጅ መርከብ ትቷቸው ሄዶ ነበር። በማዳጋስካር አቅራቢያ ባሕር ላይ በጎማ ጀልባ ወደ ጃፓን ሰርጓጅ ተሻገረ። በኦክቶበር 1943 ሲንጋፖር ላይ ጊዜያዊ መንግሥት አወጀ። ጀርመን ያኔ እውቅና ሰጠች፤ በዚያ ጊዜ ግን የጀርመን ጦር ከስታሊንግራድም ከአፍሪካም ተባሮ ነበር።

ጋንዲና ኔህሩ በዚህ ላይ ምን አሉ?

ጋንዲ ለሂትለር ሁለት ደብዳቤ ጽፏል። አንዱ በጁላይ 1939፣ ሁለተኛው በዲሴምበር 1940 ነው። ሁለቱም አልደረሱም፤ እንግሊዞች አስቀሯቸው። ሁለተኛው ረጅም ነው። «ወዳጄ» ብሎ ይጀምራል፤ ይህን ይዘው ጋንዲ ሂትለርን ይወድ ነበር የሚሉ አሉ። ውስጡን ያንብቡ። ብዙው ሥራህ የጭራቅ ሥራ ነው ይለዋል። በእንግሊዝ አገዛዝና በናዚ መካከል ልዩነት ካለ የመጠን ነው ይላል። ሆኖም በጀርመን እርዳታ የእንግሊዝን አገዛዝ ማብቃት ፈጽሞ አንፈልግም ይለዋል። ቦስ በርሊን ከመግባቱ ጥቂት ወራት በፊት ነው ይህን የጻፈው።

ኋላ የነፃ ህንድ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውን ኔህሩን ለብቻው እወደዋለሁ። በፌብሩዋሪ 1936 መጨረሻ ባለቤቱ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞታ፣ በማርች ሐዘኑን ይዞ በሮም በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ ሙሶሊኒ ሊያየው ፈለገ። ደጋግመው ለመኑት። ኔህሩ እምቢ አለ። ምክንያቱ እኛ ነበርን፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን እየወጋ ስለነበር ፎቶውን ለፕሮፓጋንዳ ይጠቀሙበታል ብሎ ነው። ሚስቱን ያጣ ሰው በዚያ ሰዓት የእኛን ነገር አልረሳም።

የህንድ ወታደሮች እኛን ነፃ ለማውጣት ተዋግተዋል?

በሚገባ! ከረን ላይ ከፌብሩዋሪ 3 እስከ ማርች 27 ቀን 1941 በተካሄደው ውጊያ አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦር ዋነኞቹ ነበሩ። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ህንዳዊ መኮንን በመተማ በኩል ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ቀን ከሌሊት ፈንጂ ሲያመክን ከርሞ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ አግኝቷል። ከረን የተያዘችው ቦስ በርሊን ከመግባቱ ስድስት ቀን በፊት ነው።

እነዚህ ወታደሮች የተገዛ አገር ልጆች ናቸው። አገራቸው ነፃ አልነበረችም። ግን ነፃነቷን የተቀማች አገር ነፃ ሲያወጡ ከአርበኞቻችን ጋር ተሰልፈዋል። በጦርነቱ ሁሉ ለእንግሊዝ የተሰለፈው ህንዳዊ 2.5 ሚሊዮን ነበር፤ በሂትለር በኩል ከነበሩት 3,000 ጋር አስተያዩት። በኋላ ደግሞ በንጉሡ ዘመን የህንድ አስተማሪዎች ለብዙ ወላጆቻችን ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ስለ ህንድና ስለ እኛ ስናወራ ይህ መቅደም አለበት።

ሂትለር ለኢትዮጵያም መሣሪያ ልኮ የለም? ይህስ ደግነት አይደለም?

ልኳል። በ1935 በድብቅ ወደ 10,000 የሞዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ያህል ጥይት ሸጦልናል ይባላል፤ የሽያጩ ዕዳ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ነው የተሸፈነው። ምክንያቱ ኦስትሪያ ናት። ሂትለር ኦስትሪያን ሊውጥ ይፈልጋል፤ ሙሶሊኒ ደግሞ በ1934 ጦር ወደ ድንበር አስጠግቶ አስጠንቅቆት ነበር። ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ ተቸንክሮ እንዲቆይ የእኛ መዋጋት ይጠቅመዋል። ጠመንጃው ጠመንጃ ነው፣ አርበኞቻችን ተጠቅመውበታል። ሆኖም በ1936 ከሙሶሊኒ ጋር ሲስማማ የጣሊያንን ወረራ ቀድመው ካጸደቁት መሪዎች አንዱ እሱ ሆነ። በህንድ ላይ ያደረገውን ቀድሞ በእኛ ላይ አድርጎታል።

ታዲያ ሂትለር ባይኖር ህንድ ነፃ ትወጣ ነበር?

ጦርነቱ እንግሊዝን አደኸያት፣ በዕዳ አስያዛት፤ ይህ እውነት ነው። ግን ጦርነት ያመጣው ውጤትና የአንድ ሰው ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ህንዶች ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በፊት ጀምረው ታግለዋል። በኦገስት 1942 «ከህንድ ውጡ» ብለው ሲነሱ መሪዎቻቸው በማግስቱ ታሰሩ፤ ሕዝቡ ግን አልቆመም። በ1943 ቤንጋል ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው በረሃብ አለቀ፤ ያን ያየ ሰው የእንግሊዝን አገዛዝ የሚያምንበት ምክንያት አልቀረውም። በፌብሩዋሪ 1946 ቦምቤይ ላይ የባሕር ኃይሉ ራሱ አመፀ። እንግሊዝ በራሷ ወታደር መተማመን አቃታት።

ቦስስ? በእስያ የመራው ጦር በ1944 ከጃፓኖች ጋር ኢምፋልና ኮሂማ ድረስ ደርሶ ተሸነፈ። እሱ በኦገስት 1945 ታይዋን ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። መኮንኖቹን እንግሊዞች ዴልሂ ቀይ ምሽግ ውስጥ ፍርድ ቤት ሲያቆሟቸው አገሩ ሁሉ ተነሳላቸው። ከሳሾቹ ያልጠበቁት ነገር ነው።

በመጨረሻ ሂትለር ስለ ህንዶች ያለውን ሐሳብ ቀየረ?

በማርች 1945 መጨረሻ፣ ሊሞት አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ስለ ነፃ ህንድ ሌጅዮን ተነሳ። ንግግሩ በጽሑፍ ተይዟል። ሌጅዮኑ ቀልድ ነው አለ። ቅማል እንኳ መግደል የማይችሉ ህንዶች ናቸው፣ መሣሪያቸው ለሌላ ይሰጥ አለ። ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በመጽሐፉ የጻፈው ንቀት ነው፤ ቃሉ ብቻ ነው የተለወጠው። እነዚያ ወታደሮች ለእሱ መሐላ ገብተው፣ ልብሱን ለብሰው፣ ከአገራቸው ርቀው ነበር። ብዙዎቹ በጦርነቱ ማብቂያ ወደ ስዊዘርላንድ ለመሻገር ሲሞክሩ ተያዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 15 ቀን 1947፣ ዴልሂ ላይ የህንድ ባንዲራ ተሰቀለ።